ክኒኑ፣ ቡናውና ጥቁር አዝሙዱ



በሲሲሊ ደሴት በምትገኘው በመሲና ከተማ ሐኪሞችን ግራ ያጋባ ነገር ነበር። የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን የታዘዘላቸው አንዳንድ ሴቶች መድኃኒታቸውን ሳያጓድሉ ይወስዳሉ፤ የደም ምርመራቸው ግን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደም አይመስልም። የመሲና ዩኒቨርሲቲው ሳልቫቶሬ ቤንቬንጋና ባልደረቦቹ ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚያደርጉ ሲጠይቋቸው ምስጢሩ ወጣ። ክኒኑን የሚያወራርዱት በኤስፕሬሶ ቡና ነበር። በውኃ እንዲውጡትና ቡናውን እንዲያዘገዩት ሲደረግ መድኃኒቱ ወደ ደማቸው በደንብ መግባት ጀመረ። ግኝቱ የታተመው በ2008 ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀኑን በቡና የሚጀምር ሕዝብ ይህን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊሰማው አይገባም። አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭም ይሁን ዱባይ፣ በሐበሻ ቤት ጠዋት በባዶ ሆድ የሚወሰደው ነገር ብዙ ነው። ለጨጓራ ተብሎ ሲዘፈዘፍ ያደረ አብሽ አለ፤ ለሆድ ድርቀት ተልባ አለ፤ በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ አለ፤ አሁን አሁን ደግሞ በስልክ ማስታወቂያ ታይቶ የተገዛ የባሕር አረም እንክብል ተጨምሯል። ከነዚህ መካከል የታይሮይድ ሕመምተኛን ሊረዳ የሚችል አለ፣ ምንም የማይፈይድለት አለ፣ የሚጎዳውም አለ። አንዱን ከሌላው ለመለየት ሕመሙን በቅጡ ማወቅ ይቀድማል።

ታይሮይድ ከማንቁርት በታች፣ በአየር ቧንቧ ፊት ለፊት የተለጠፈች ትንሽ ዕጢ ናት። የምታመነጨው ሆርሞን የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ የአንጀትን እንቅስቃሴ፣ የወር አበባን፣ ክብደትንና ስሜትን ይቆጣጠራል። በሽታ የመከላከያው ሥርዓት አንዳንዴ የገዛ ቤተሰቡን ሌባ ነው ብሎ እንደሚደበድብ ዘበኛ ይሆንና ይህችን ዕጢ ማጥቃት ይጀምራል። ጥቃቱ ዕጢዋን ቀስ በቀስ የሚያወድማት ከሆነ ሕመሙ የሐሺሞቶ በሽታ ይባላል። ሰውየው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ፀጉሩ ይሳሳል፣ ሳይበላ ይወፍራል። በተቃራኒው ዕጢዋ ያለ ልክ እንድታመነጭ የሚጎተጉታት ከሆነ የግሬቭስ በሽታ ነው፤ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውየው እየበላ ይከሳል፣ አንዳንዴም ዓይን ወደ ውጭ ይገፋል። ሁለቱም ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አብዝተው ያጠቃሉ።

ሐካሩ ሐሺሞቶ በጃፓን በኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ወጣት ቀዶ ሐኪም ነበር። ከ4 ሴቶች አንገት የወጣውን የታይሮይድ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር በነጭ የደም ሕዋሳት ተወርሮ አገኘው፤ ያየውን በ1912 በጀርመንኛ አሳተመ። ብዙም ሰሚ አላገኘም። እሱም ወደ ትውልድ መንደሩ ተመልሶ የገጠር ሐኪም ሆነ፣ በ1934 በታይፎይድ ሞተ። የሥራውን ትርጉም ዓለም የተረዳው በ1956 ነው። በዚያ ዓመት ለንደን ውስጥ ዲቦራ ዶኒያክ፣ አይቫን ሮይትና ባልደረቦቻቸው በሕመምተኞቹ ደም ውስጥ የገዛ ታይሮይዳቸውን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላትን አገኙ።

ሕክምናው ግን ከዚያ በፊት የተጀመረ ነው፤ አጀማመሩም «ኬሚካል አልወስድም፣ የተፈጥሮ ነገር ይሻለኛል» ለሚል ሰው በጣም ጠቃሚ ታሪክ ነው። በ1891 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ጆርጅ መሪ የተባለ ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ ሆርሞን ላለቀባት ለአንዲት ሴት በመርፌ ሰጣት። ከሞት አፋፍ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራ በ74 ዓመቷ ስትሞት የወሰደችው መድኃኒት ከ870 በላይ በጎች ታይሮይድ የተገኘ ነበር። በማግስቱ ዓመት ፎክስ የተባለ ሌላ ሐኪም ነገሩን ወደ ማዕድ ቤት አወረደው፤ የበግ ታይሮይድ ለብ ለብ ተደርጎ ተጠብሶና ተከትፎ ከማርማላታ ጋር በሳምንት አንዴ እንዲበላ አዘዘ። ሠራም።

ታዲያ ሰው ዛሬ ለምን ጥብስ አይታዘዝለትም? የአንዱ በግ ታይሮይድ ከሌላው ስለማይመጣጠን ነው። ኤድዋርድ ኬንዳል በ1914 ታይሮክሲን የተባለውን የዕጢዋን ሆርሞን ለብቻው ነጥሎ ካወጣ በኋላ፣ በ1927 ደግሞ ሰው ሠራሹ ከተገኘ በኋላ፣ ሐኪም በማይክሮግራም እየለካ ማዘዝ ቻለ። ዛሬ ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ክኒን ዕጢዋ ራሷ ከምታመነጨው ሆርሞን ጋር አንድ ነው። በአሜሪካ «የተፈጥሮ ታይሮይድ» እየተባለ የሚታዘዘውና በኢንተርኔትም የሚወደሰው ክኒን ደግሞ ከደረቀ የአሳማ ታይሮይድ የሚፈጭ ነው። ይህን የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊምና የቤተ እስራኤል ወገኖች ከመግዛታቸው በፊት ሊያውቁት ይገባል፤ ሻጮቹ ሁሌም ጮክ ብለው አይናገሩትም።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ሐሳብ የዚህ ዲስኩር ምሰሶ ነው። ስለ ማንኛውም ቅጠል፣ ዘር ወይም ምግብ «ተፈጥሯዊ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። የሚያዋጣው ስንት ነው፣ መቼ ነው፣ ለየትኛው ሕመም ነው ብሎ መጠየቅ ነው።

በአዮዲን እንጀምር፤ ኢትዮጵያውያንን በቅርብ የሚነካው እሱ ነውና። ታይሮይድ ሆርሞኗን የምትሠራው ከአዮዲን ነው። ዝናብ አፈሩን አጥቦ በወሰደበት ደጋ አዮዲን አይገኝም፤ ስለዚህ በሰሜንም በደቡብም በምዕራብም እንቅርት ያበጠ አንገት ለዘመናት እንደ ተራ ነገር ሲታይ ኖሯል። የእናቶች የአንገት ንቅሳት ለውበት ብቻ ሳይሆን ለእንቅርትም ይበጃል ይባል ነበር። በ2005 ቸርነት አቡዬና ባልደረቦቹ ባካሄዱት አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከመቶው 40 ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በፊት አገሪቱ ጨው የምታገኘው ከአሰብና ከምፅዋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምንጩ የአፋሩ አፍዴራ ሐይቅ ሆነ፣ አዮዲኑም ተረሳ። በ2011 ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙት ቤቶች 15 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ግን 89 በመቶ ደረሱ። ከኢትዮጵያ የጤና ሥራዎች ሁሉ ይህን ያህል ዝም ብሎ ይህን ያህል የረዳ ጥቂት ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። በአዮዲን እጥረት ያበጠ አንገትና በሐሺሞቶ ያበጠ አንገት በዓይን ሲታዩ አይለዩም። እናቱን በአዮዲን ጨው ስትድን ያየ ሰው፣ ልጁ ባሕር ማዶ ሐሺሞቶ ተገኘባት ሲባል «አዮዲን አብዝታ ትውሰድ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን አዮዲን ሲበዛ ራስን የሚያጠቃውን በሽታ ያባብሳል። ቻይናውያን ተመራማሪዎች ፓንሻን፣ ዣንግዉና ሁዋንግሁዋ በተባሉ ሦስት አካባቢዎች ሕዝቡን ከ1999 ጀምሮ ለ5 ዓመት ተከታትለው ነበር። በመጀመሪያው አዮዲን ትንሽ ያንሳል፣ በሁለተኛው ከሚበቃው ያልፋል፣ በሦስተኛው እጅግ ይበዛል። ራሱን የሚያጠቃ የታይሮይድ ብግነት አዲስ የያዛቸው በቅደም ተከተል 0.2፣ 1.0 እና 1.3 በመቶ ሆነው ተገኙ። የጃፓኑን ሆካይዶ ዳርቻ ያየ ሐኪምም ኮምቡ የተባለውን የባሕር አረም አብዝተው የሚመገቡት ሰዎች እንቅርት እንደሚያወጡ በ1965 ጽፏል።

ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃል። አንድ ግራም የደረቀ ኮምቡ ግን ከ1,000 በላይ ሊይዝ ይችላል፤ መጠኑም ከአረም አረም ይለያያል። ስለዚህ በእንክብል የሚሸጠው የባሕር አረም ለሐሺሞቶ ሕመምተኛ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። የወጥ ጨው በቂ ነው፤ እሱንም ዕቃው ተከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር አዮዲኑን ያቆየዋል።

ሴሌኒየም ከአዮዲን ቀጥሎ ብዙ የሚወራለት ማዕድን ነው፤ ወሬውም መሠረት አለው። ታይሮይድ ከሌላው የሰውነት ክፍል ይልቅ ሴሌኒየም ታከማቻለች፤ ሆርሞን ስትሠራ የሚፈጠረውን ጎጂ ነገር የምታመክነው በሱ ነው። በ2002 ሮላንድ ጌርትነር በሙኒክ ለሐሺሞቶ ሕመምተኞች በቀን 200 ማይክሮግራም ሴሌኒየም ለ3 ወር ሰጥቶ የፀረ እንግዳ አካላቱ መጠን በሲሶ ያህል መውረዱን አሳየ። ደስታው ብዙ ነበር። ነገር ግን ሕመምተኛ የሚፈልገው በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር እንዲወርድለት ብቻ አይደለም፤ ድካሙ እንዲለቀው ነው። ዴንማርካውያን በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሌቮታይሮክሲን ለሚወስዱ የሐሺሞቶ ሕመምተኞች ሴሌኒየም ወይም ባዶ ክኒን ለ12 ወር ሰጥተው በ2024 ባሳተሙት ውጤት ፀረ እንግዳ አካላቱ ወርደዋል፤ በሕመምተኞቹ የኑሮ ምቾት ላይ ግን ከባዶው ክኒን የተለየ ነገር አልታየም። ሴሌኒየም በግልጽ ውጤት ያሳየው በሌላ ቦታ ነው፤ ቀለል ያለ የግሬቭስ የዓይን ሕመም ባለባቸው 159 ሰዎች ላይ በአውሮፓ ተሞክሮ በ2011 በታተመው ጥናት፣ ለ6 ወር የወሰዱት ዓይናቸውም ኑሯቸውም ተሻሽሏል።

እዚህ ላይ አገር ቤትና ስደት ይለያያሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዳውድ ጋሹና ባልደረቦቹ በ2021 በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያ እህል ውስጥ ያለው ሴሌኒየም እንደ አፈሩ ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይተዋል፤ በአማራ ክልል ሕፃናት ላይ ቀደም ሲል የተሠራ ጥናትም የሴሌኒየም እጥረት ከአዮዲን እጥረት ጋር ተደራርቦ አግኝቷል። ጤፍ ያው ጤፍ ነው፤ የበቀለበት መሬት ግን ያው አይደለም። እጥረት ላለበት ሰው ማሟላት ትርጉም አለው። በአሜሪካ ከተመረተ ስንዴ፣ ከዓሣና ከእንቁላል በቂውን ለሚያገኝ ሰው ግን ትርፉ ጉዳት ሊሆን ይችላል። በ2008 አሜሪካ ውስጥ በአንድ ፈሳሽ ሰፕልመንት ጠርሙስ ላይ 200 ማይክሮግራም ተብሎ የተጻፈው በስህተት 40,800 ሆኖ ተገኘ፤ 201 ሰው ተመረዘ፤ ፀጉራቸው ረገፈ፣ ጥፍራቸው ተሰባበረ። ፀጉሯ ስለሳሳ ሴሌኒየም የምትገዛ ሴት ይህን ብታውቅ ጥሩ ነው።

ወደ ቅመሙ ስንመጣ ጥቁር አዝሙድ ቀዳሚ ነው። በኢራን በታብሪዝ ተሠርቶ በ2016 የታተመ ጥናት 40 የሐሺሞቶ ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ በቀን 2 ግራም የተፈጨ ጥቁር አዝሙድ ለ8 ሳምንት ሰጠ። የወሰዱት ሰዎች ቲ.ኤስ.ኤች. ወረደ፤ ይህ ቁጥር ፒቱታሪ የተባለችው የአንጎል ዕጢ ታይሮይድን «ሥሪ» እያለች የምትጎተጉትበት ስለሆነ መውረዱ መልካም ምልክት ነው። ፀረ እንግዳ አካላቱም ቀነሱ። ተስፋ ሰጪ ነው። ሆኖም 40 ሰው ጥቂት ነው፣ 8 ሳምንትም አጭር ነው። ጥቁር አዝሙድ በዳቦና በበርበሬ ውስጥ፣ ቢፈለግም በማር ተለውሶ፣ ከክኒኑ ሰዓት ራቅ ብሎ ቢወሰድ የሚከለክል ነገር የለም፤ ክኒኑን ጥሎ በሱ መተካት ግን ከድጡ ወደ ማጡ መግባት ነው።

ግዛዋ ሌላ ነገር ነው። በአገር ቤት በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ ቡዳ ለያዘው ሰው የሚታጠነው ቁጥቋጦ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ መደብሮች አሽዋጋንዳ ተብሎ በውድ ይሸጣል። ሁለቱ አንድ ተክል ናቸው። በሕንድ ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት የታይሮይድ ማነስ ገና የጀመራቸውን 50 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ በቀን 600 ሚሊግራም የሥሩን ጭማቂ ለ8 ሳምንት የወሰዱት ግማሾቹ ሆርሞናቸው እንደተሻሻለ ዘግቧል። ይህ ማለት ግን ተክሉ ታይሮይድን የሚገፋ ኃይል አለው ማለት ነው፤ ኃይል ያለው ነገር ደግሞ ያለቦታው ሲገባ ይጎዳል። አሽዋጋንዳ ወስደው ታይሮይዳቸው ከልክ በላይ የሠራ፣ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ዴንማርክ በ2023 አግዳዋለች። የግሬቭስ ሕመምተኛ ሊነካው አይገባም። የሐሺሞቶ ሕመምተኛም ሐኪሙ ሳያውቅ ከክኒኑ ጋር ከወሰደው፣ ምርመራው ሲለዋወጥ መጠኑን የለወጠው ክኒኑ ይሁን ሥሩ ማንም ሊለይ አይችልም።

ከዚህም የከፋ አለ። በ2013 አሜሪካውያን ሐኪሞች «ለታይሮይድ ድጋፍ» ተብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ 10 ሰፕልመንቶችን በላቦራቶሪ አስመረመሩ። በ9ኙ ውስጥ ቲ3 የተባለው የታይሮይድ ሆርሞን ራሱ ተገኘ፤ በ5ቱ ደግሞ ቲ4 የሚባለው ታይሮክሲን። ሰውየው ቅጠል የወሰደ ይመስለዋል፤ የዋጠው ግን መጠኑ ያልታወቀ ሆርሞን ነው። «ቅጠሉን ከወሰድኩ ጀምሮ ጉልበት አገኘሁ» የሚለው ምስክርነት አንዳንዴ ከዚህ ይመነጫል፤ ምስክሩ አልዋሸም፣ ጠርሙሱ ነው የዋሸው።

ስለ ጎመን የሚነሳው ጥያቄ በጾም ወራት ይበዛል። ወሬው የተነሳው በ1928 ነው፤ በጆንስ ሆፕኪንስ አላን ቼስኒ የተባለ ተመራማሪ ለሌላ በሽታ ጥናት የሚያረባቸው ጥንቸሎች ጥቅል ጎመን ብቻ እየበሉ እንቅርት አወጡ። በሰው ላይ ግን ጉዳቱ የሚታየው ያለ ልክ ሲበላ ነው። በ2010 የተዘገበው የ88 ዓመት ቻይናዊት አዛውንት ታሪክ ይህን ያሳያል። ስኳር በሽታዬን ያቆምልኛል ብለው ጥሬ የቻይና ጎመን በቀን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ለብዙ ወራት በሉ፤ በመጨረሻ ታይሮይዳቸው ጨርሶ ቆሞ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። የሐበሻ ጎመን ይቀቀላል፣ ውኃው ብዙ ጊዜ ይደፋል፣ በሽንኩርትና በዘይት ይበሰላል። እሱን መፍራት አያስፈልግም። በጥሬው ተጨምቆ በየጠዋቱ የሚጠጣው አረንጓዴ ጭማቂ ግን ሌላ ነገር ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በቁጫ ካሳቫን ዋና ምግባቸው ያደረጉ ሰዎች ላይ በ1998 የታተመው ጥናትም በእጥረት አገር አንድ ምግብ ብቻ ላይ መንጠልጠል እንቅርትን እንደሚያብስ አሳይቷል።

ሌላው ዝነኛ ምክር «ግሉተን አቁሚ» የሚለው ነው። ግሉተን በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ሲሊያክ የሚባለው የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው ፈጽሞ ሊነካው አይገባም። የታይሮይድ ጥቃት ያለባቸው ሰዎች ሲመረመሩ ከ62ቱ አንዱ ያህል ሲሊያክ ይገኝበታል፤ ይህ ከሌላው ሰው ይበልጣል፣ ስለዚህ መመርመሩ ተገቢ ነው። ሲሊያክ ለሌለው ግን ማስረጃው ቀጭን ነው፤ በ2019 በፖላንድ በ34 ሴቶች ላይ የተደረገ ትንሽ ጥናት የፀረ እንግዳ አካላት መቀነስን ቢያሳይም ከዚያ አያልፍም። ሐበሻ ለዚህ ምግብ የታደለ ነው፤ የጤፍ ፕሮቲን ለሲሊያክ ሕመምተኛ እንደማይጎዳ የላይደን ተመራማሪዎች በ2005 ገልጸዋል። ነገር ግን በውጭ አገር የሚጋገረው እንጀራ ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይቀላቀልበታል። በምግብ ቤት «ግሉተን አቁሜያለሁ፣ እንጀራ ብቻ ነው የምበላው» ያለ ሰው ሊጡ ምን እንደሆነ ጠይቆ ይወቅ። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ በስሙ ተጠይቆ ነው የሚገኘው።

ቪታሚን ዲን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በአሜሪካ 25,871 ሰዎችን ያሳተፈውና በ2022 የታተመው ጥናት በቀን 2,000 ዩኒት የወሰዱት ራስን የሚያጠቁ በሽታዎች በጠቅላላው በ22 በመቶ ቀንሰውባቸዋል ብሏል። ጥቁር ቆዳ ኖሮት ፀሐይ በሚያንስበት አገር የሚኖር፣ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ደሙን አስመርምሮ ጎድሎ ከተገኘ ቢያሟላ ያተርፋል።

ባዮቲን ግን ልብ ይባል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ይህ ቪታሚን ታይሮይድን አይነካም፤ የሚነካው የላቦራቶሪውን ማሽን ነው። በአንዳንድ የምርመራ ዘዴዎች ቲ.ኤስ.ኤች.ን ዝቅ፣ ሆርሞኑን ከፍ አድርጎ ያሳይና ጤነኛውን ሰው ግሬቭስ እንዳለበት ያስመስለዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 ስለዚህ አስጠንቅቋል። ከደም ምርመራ በፊት ቢያንስ 2 ቀን ማቆም ይገባል።

የግሬቭስ ሕመምተኞችን በተመለከተ ጀርመኖች ሜሊሳና ሊኮፐስ የተባሉ ቅጠሎችን ለቀላል የልብ ምት መብዛት ሲጠቀሙባቸው ኖረዋል። ታይሮይዱ ከልክ በላይ እየሠራ ያለ ሰው ግን ልቡ ምት ሊስት፣ አጥንቱ ሊሳሳ ስለሚችል ቅጠል እየሞከረ ወራት የሚያባክንበት ጊዜ የለውም። ከማንኛውም ቅጠል የሚበልጥ ለዓይኑ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ፤ ሲጋራ ማቆም።

አሁን ወደ ክኒኑና ወደ ሰዓቱ እንመለስ፤ ለሐሺሞቶ ሕመምተኛ ከተዘረዘሩት ቅጠሎች ሁሉ ይልቅ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነውና። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጣል። ካልሲየም፣ የደም ማነስ የብረት ክኒንና የጨጓራ ማስታገሻ ከሱ ቢያንስ 4 ሰዓት መራቅ አለባቸው። አብሽና ተልባ ዝልግልግ ቃጫቸው መድኃኒቱን ሊይዘው ስለሚችል ወደ ከሰዓት ቢዛወሩ ይሻላል። ጨጓራም ራሱ ነገር አለው። በሮም ተሠርቶ በ2006 የታተመ ጥናት የጨጓራ ባክቴሪያ ያለባቸው ወይም የጨጓራቸው ግድግዳ የሳሳ ሰዎች ከሌሎቹ ከ22 እስከ 34 በመቶ የበለጠ ክኒን እንደሚያስፈልጋቸው አሳይቷል፤ ክኒኑ ለመሟሟት አሲድ ይፈልጋል። ጨጓራ የሐበሻ ቤተኛ በሽታ በሆነበት፣ ኦሜፕራዞል ያለ ትእዛዝ በሚዋጥበት ማኅበረሰብ ይህን ለሐኪም መንገር ግድ ነው።

ጿሚዎችስ? እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ምእመን፣ ውኃም የማይቀምስ ከሆነ፣ ጠዋት ክኒን መውሰድ ይከብደዋል፤ በረመዳንም እንዲሁ ነው። መፍትሔው ከሆላንድ መጥቷል። በሮተርዳም በ90 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2010 የታተመው ጥናት ክኒኑን ማታ ሊተኙ ሲሉ የወሰዱት ጠዋት ከወሰዱት የተሻለ የሆርሞን መጠን እንደነበራቸው አሳይቷል። ከእራት በኋላ 3 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ከመኝታ በፊት በውኃ መዋጥ ነው። ጾሙም አይነካም፣ ቡናውም በሰዓቱ ይጠጣል። ሰዓቱን ከመቀየር በፊት ለሐኪሙ መንገር፣ ከ6 ሳምንት በኋላም ደም መስጠት ያስፈልጋል።

ቅጠሉም ሐኪም ያላዘዘው ሰፕልመንትም ሙሉ በሙሉ የሚቆምበት አንድ ጊዜ አለ፤ እርግዝና። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጽንሱ ታይሮይድ ገና ሥራ ስላልጀመረ አንጎሉ የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው። በቦስተን በ2004 የታተመ ጥናት ሌቮታይሮክሲን የሚወስዱ እናቶች ፍላጎታቸው ከ5ኛው ሳምንት ጀምሮ እንደሚጨምር፣ ጭማሪውም በአማካይ ወደ 47 በመቶ እንደሚደርስ አሳይቷል። ብዙ ሴት በ5ኛው ሳምንት ማርገዟን ገና መጠርጠሯ ነው። ስለዚህ ልጅ የምታስብ ሴት ከሐኪሟ ጋር አስቀድማ ትነጋገራለች፤ ብዙ ሐኪሞችም የእርግዝና ምርመራው እንደታየ በሳምንት ከ7 ክኒን ወደ 9 እንድታሳድግና በዚያው ሳምንት ደም እንድትሰጥ ያዟታል። አዮዲኗም በቀን ወደ 250 ማይክሮግራም ከፍ ይላል፤ ይህም ከጨውና ሐኪም ካዘዘው የእርግዝና ቪታሚን ይሟላል። ግዛዋው፣ የባሕር አረሙና የጥቁር አዝሙዱ ዘይት እስክትወልድና ጡት እስክታስጥል ድረስ ይቆያሉ፤ ጥቁር አዝሙዱ በዳቦው ላይ ብቻ ይቀራል።